የሥላሴ ጠላ በተገዛ ገብስ፦ የአየር ለውጡን በራሳችሁ አፍ ለመንገር

ከደብረ ብርሃን ተነስቼ መንዝ ያሉት አክስቴ ቤት ሄድኩና ገና ሳልቀመጥ ስልኬን ደቀንኩባቸው። «እትዬ፣ የአየር ንብረት ለውጥ ምን አደረሰብዎት?» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ «ደን በመጨፍጨፉ ምክንያት የአየር መዛባት ተከስቶ ምርትና ምርታማነት ቀንሷል» አሉኝ። ቃል በቃል። ከሬዲዮ የሰሙትን ነው የመለሱልኝ። እኔስ የጠየቅኳቸው የሬዲዮ ጥያቄ አይደል?

ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ቡና ተፈላ። አቦል አለፈ፣ ቶና ላይ ደረስን። ስለ ማኅበር እያወራን ሳለ እንደ ቀልድ ጣል አደረጓት፦ «ድሮ ለሐምሌ ሥላሴ የበልጉ ገብስ እጃችን ይገባ ነበር። አሁን የሥላሴን ጠላ በተገዛ ገብስ ነው የምጠምቀው።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ። መንዝ ተወልዶ ገብስ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ ለመንዜ አይነገረውም።

ታሪኩ ይሄ ነው። ስለ ካርቦን አንድም ቃል የለበትም፣ ግን የሰማው ሰው ሁሉ ገባው። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ፣ ብዙ ጊዜም አበላሽቻለሁ። የእናንተን ወይም የእናታችሁን ታሪክ ልትናገሩ ካሰባችሁ ካበላሸሁት ተማሩ። (ከዚህ በታች ሰሜን ሸዋ ስል በአማራ ክልል ያለውን፣ የደብረ ብርሃኑን ዞን ነው። የሰላሌ ሰዎች፣ እናንተም ሰሜን ሸዋ ናችሁ፣ አትቀየሙ።)

ከዕቃ ጀምሩ

«የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለውን ስም ለጊዜው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ጎተራው፣ ጀሪካኑ፣ የጠላው ጋን፣ የኩበቱ ክምር። አንዱን ምረጡና «ይሄ ነገር ከአሥር ዓመት በፊት በዚህ ወር ምን ይመስል ነበር?» በሉ። መልሱ ከመጣላችሁ ታሪክ አላችሁ። ካልመጣ ሌላ ዕቃ ፈልጉ።

ዕቃው እንደ አገሩ ይለያያል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ። ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ መጀመሪያ ጋቢው፣ ከዚያ ሹራቡ ይወልቃል። በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይጨምራላ! ስለዚህ «ሰሜን ሸዋ ደረቀ» ብሎ ነገር የለም። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ ሰው ውርጭ የመታውን ባቄላ ያወራል። መንዝ የቀረውን በልግ። እነዋሪ ጥቁሩ አፈር ላይ የተኛውን ውኃ። ምንጃር ጤፍና ሽምብራውን። ሸዋ ሮቢት ማሾውን፣ ሽንኩርቱን፣ ሌሊት የማያስተኛውን ሙቀት። የቆማችሁበትን ቦታ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ደጋ ይሁን ቆላ ሰሚው ይወቀው።

ገበሬ ካልሆናችሁም ታሪክ አላችሁ። ኩበት ገዝታ የምታነድ ሴት በጥር የመጣ ያልታሰበ ዝናብ ምን እንዳደረጋት ታውቃለች፣ ምክንያቱም ኩበት የሚደርቀው በበጋ ፀሐይ ነው፣ እርጥቡ ደግሞ ጭሱ ዓይን ያጠፋል። ባጃጅ የሚነዳ ልጅ የትኛው መንገድ በአንድ ዝናብ እንደተቆረጠ ይነግራችኋል።

ቀኑን ከታቦት ጠይቁ

የኛ ሰው «በሚያዝያ ሁለተኛው ሳምንት» አይልም። «ዝናቡ የጣለው በሚካኤል ነው» ይላል። እዚህ ጋ ብዙ ጠያቂ ጭንቅላቱን ነቅንቆ ያልፋል። አትለፉ። «የትኛው ሚካኤል?» በሉ። ሚካኤል በየወሩ በ12 ነው፣ የኅዳሩ ሌላ የሰኔው ሌላ። የሰኔው ከሆነ ሰኔ 12 ብላችሁ ጻፉ። እንዲህ እያላችሁ «ድሮ የበልግ ገብስ በየካቲት ኪዳነ ምሕረት እንዘራ ነበር» የሚለው ወሬ የካቲት 16 የሚል ቀን ይሆናል። ቀን ካላችሁ ማነጻጸር ትችላላችሁ። ሽማግሌዎቻችን ማስታወሻ ደብተር የላቸውም ይባላል፣ ይኸው ስንክሳሩ ደብተራቸው አይደል እንዴ።

ዓመቱ ትንሽ ያስቸግራል። ለዓመት ትልልቅ ምልክቶችን ተጠቀሙ። «ኮሮና ከመግባቱ በፊት ነው በኋላ?» «አንበጣው የመጣ ጊዜ ነው?» «የመጀመሪያ ልጅሽ ክርስትና ስትነሳ ነበር?» እንዲህ ሲባል ሰው ያስታውሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔም ተሳስቼበታለሁ። ሰው የሚያስታውሰው የተራበበትን ዓመት ነው እንጂ ዝናቡ የቀረበትን ዓመት አይደለም። «የ77ቱ ድርቅ» እንላለን፣ ዝናቡ ግን የቀረው በ76 ነው። በ2008 ኤልኒኞ ተባለ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ያስፈልገዋል ተባለ፣ ያ ሁሉ የመጣው የ2007 በልግና ክረምት ስላልሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «በ2008 ነው» ሲላችሁ «ዝናቡ የቀረው ነው ወይስ እህሉ ያለቀው?» ብላችሁ ለዩት። ይህን ካልለያችሁ ታሪኩ ከሜትዎሮሎጂ መዝገብ ጋር አይገጥምም፣ ከዚያ አንዱ ብልጥ መጥቶ «ውሸት ነው» ይላል።

ቁጥርም አስገቡ፣ ግን የራሳችሁን። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ 20 ኪሎ ነው። ምንጩ ስለራቀ ዳገቱን ስንቴ ትወጡታላችሁ? ስንት ሰዓት ሄዳችሁ ስንት ሰዓት ተመለሳችሁ? ጠላውን ለመጥመቅ ስንት ኪሎ ገብስ ገዛችሁ፣ ለእሱስ ምን ሸጣችሁ? ጊዜ፣ ጉልበት፣ ብር። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል።

ሁሉን ነገር በአየር አታላክኩ

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ሊቆጣኝ ይችላል። ግን ልበል።

አንድ ጓደኛዬ የሰፈሩ ምንጭ ደረቀ ብሎ ጻፈ። የሚያሳዝን፣ የሚያምር ጽሑፍ ነበር። ቦታው ላይ ስንሄድ ከምንጩ በላይ ያለው ተረተር ሙሉ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ውኃ እንደሚጠጣ ደግሞ ማን ያጣዋል? ዝናቡም ቀንሶ ሊሆን ይችላል፣ ሰውም በዝቶ ሊሆን ይችላል፣ ዛፉም ጠጥቶት ሊሆን ይችላል። ሦስቱንም ብትናገሩ ታሪካችሁ አይዳከምም። እንዲያውም አንባቢ «ይሄ ሰው አይዋሽም» ይልና ቀሪውን ያምናል። የማዳበሪያ ዋጋ፣ የመሬት መጥበብ፣ ዘር ማጣት፣ እነዚህ ሁሉ አሉ።

ደግሞ አንድ መጥፎ ዓመት የአየር ንብረት ለውጥ አይባልም። የዛሬው ዝናብ የአየር ሁኔታ ነው። የአየር ንብረት ለማለት ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ የ30 ዓመት አማካይ ነው የሚያዩት። ስለዚህ «ዘንድሮ በረዶ ጣለ» አይበቃም። «አባቴ ሲያርስ እንዲህ ነበር፣ እኔ ስጀምር እንዲህ ሆነ፣ አሁን ደግሞ እንዲህ» ብትሉ ግን ሁለት ትውልድ አወራችሁ፣ 30 ዓመትም ሞላላችሁ።

ሁለት ሦስት የታወቁ ነገሮች ብታውቁ አይጎዳም፣ ታሪኩ ውስጥ ባትጽፏቸውም ስትጠይቁ ይረዷችኋል። ምድር ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች፣ እስካሁን ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የበለጠ የሞቀው እ.ኤ.አ. 2024 ነው። አየር 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወደ 7 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ እንፋሎት ይይዛል። «ዝናቡስ ይመጣል፣ አመጣጡ ነው የተበላሸው» ሲሏችሁ ይሄን አስታውሱ፣ በአሥር ቀን ይወርድ የነበረው በሁለት ቀን ከወረደ መለኪያው ላይ ያው ነው፣ አፈሩን ግን ይዞት ይሄዳል።

ውርጩም እንደዚሁ ግራ ያጋባል። «ምድር ሞቀች እያላችሁ ውርጭ ከየት መጣ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ውርጩ መጨመሩ አይደለም። ውርጭ ድሮም በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ሲጠራ ይጥላል። ዝናቡ ዘግይቶ ሲገባ ግን ዘሩም ይዘገያል፣ ባቄላው ደርቆ መጠበቅ ሲገባው ገና ለምለም ሆኖ ያገኘዋል።

ጥፋቱን ሁሉ በራሳችን ላይ የመጫን ልማድም አለብን። «እኛ ደን ጨፍጭፈን ነው» ይላል ሁሉም። ደን መጨፍጨፉ አፈራችንንና ምንጫችንን ጎድቷል፣ ይሄ እውነት ነው። ዓለምን ያሞቀው ግን በዋናነት የድንጋይ ከሰል፣ የነዳጅና የጋዝ ጭስ ነው፣ በዚህ ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነው። አክስቴ በኩበት ጋግረው ዋልታ ላይ ያለውን በረዶ አላቀለጡትም።

ሌላ ሰው ስትጠይቁ

በመጀመሪያ ይሉኝታን ፍሩ። «ዝናብ ቀንሷል አይደል?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «አዎ ልጄ፣ ቀንሷል» ነው። ቀነሰም አልቀነሰም። እንግዳ ማሳፈር ነውር ነዋ። «ጨምሯል አይደል?» ብትሏቸውም አዎ ይላሉ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ። ስለዚህ መልሱ ውስጡ የሌለበት ጥያቄ ጠይቁ። «አባባ፣ ዘንድሮ ገብሱን መቼ ዘሩ? አምናስ? እንደኔ ልጅ ሳሉስ?» በሉና ዝም በሉ። ዝምታው ያስፈራል፣ ግን ጥሩው ወሬ የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው።

ከከተማ ከሄዳችሁ መጀመሪያ ለምን እንደመጣችሁ ተናገሩ። «ለእርዳታ ምዝገባ ነው?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። አይደለም ከሆነ አይደለም በሉ፣ በጊዜ። ካልተናገራችሁ አንዱ ችግሩን ያጋንናል፣ ሌላው ደግሞ ከብቱን ይደብቃል። ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ ሰው ደግሞ በዚህ ዘመን አይታመንም። እየተጫወታችሁ ቆዩ፣ ከዚያ አስፈቅዱ፣ እምቢ ካሏችሁ በጆሯችሁ ሰምታችሁ ማታ ጻፉት።

ሴቶቹን ለብቻ ጠይቁ። ባልየው ካለ እሱ ነው የሚናገረው፣ እሷ ቡና ትቀዳለች። እሱ የሚነግራችሁ ስለ ማሳው ነው። እሷ ደግሞ ስለ ጎተራው፣ ስለ ውኃው፣ ሊጡን በስንት ቀኑ እንደምታቦካና ልጆቹ ማታ ምን በልተው እንደተኙ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ታሪክ አለ። አንድ ቤት ባልየው «ዘንድሮስ ደህና ነው» ብሎኝ ወጣ፣ ሚስትየው በሩን አየት አደረገችና «ደህናው እስከ ግንቦት ነው» አለችኝ።

«የእግዜር ቁጣ ነው፣ ኃጢአታችን በዛ» ሲሏችሁ ደግሞ አስተማሪ አትሁኑ። አትከራከሩ። እንዳሉት ጻፉት። ሰውየው ነገሩን የተሸከመበት መንገድ ነው፣ የታሪኩ አካል ነው።

አሁን ያጠፋሁትን ልናገር። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ጎተራቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ባዶ ነው። ከታች አንድ ሁለት እፍኝ ገብስና የአይጥ ጥርስ ያረፈበት ማዳበሪያ ከረጢት። ፎቶ አነሳሁ፣ እሳቸውም ቆመው አዩኝ፣ ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸውን እሺታ አደረግሁት። ማታ ለጠፍኩት። አዲስ አበባ ያለ ዘመዳቸው በጠዋት አይቶት ደወለላቸው። እሳቸው ደግሞ ለእኔ አስደወሉ። ስድብ አልነበረም። «ልጄ፣ ገመናዬን አደባባይ አወጣኸው» ብቻ። ወዲያው አጠፋሁት፣ ግን ስንቱ ጋ እንደደረሰ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ለየብቻ አስፈቅዳለሁ። ስምዎን ልጻፍ? ፊትዎን ላሳይ? ሰፈርዎን ልናገር? አንዱን ፈቅደው ሌላውን ሊከለክሉ ይችላሉ። ስም ከከለከሉ «መንዝ ውስጥ አንዲት እናት» ይበቃል፣ ታሪኩ አይሞትም። ለራሳችሁም ቤተሰብ እንዲሁ ነው። እናቴ ናት ብላችሁ ያለ ፈቃዷ ጎተራዋን አትክፈቱት።

ሲጻፍ

ሁለት አጻጻፍ ላሳያችሁ። የመጀመሪያው፦

«በሰሜን ሸዋ ዞን የአየር ንብረት ለውጥ በአርሶ አደሩ ኑሮ ላይ ከፍተኛ አሉታዊ ተጽዕኖ እያሳደረ ይገኛል።»

ይሄን ያነበበ ሰው እየተዛጋ ወደ ሌላ ይሄዳል። ሁለተኛው፦

«እናቴ ባቄላዋን ለሰኔ ሚካኤል ዘርታ ትጨርስ ነበር። ዘንድሮ የሐዋርያት ጾም እስኪፈታ ዝናብ አልያዘም። ዘግይታ ዘራች። ጥቅምት ማለቂያ ላይ ባቄላው ገና ለምለም ነበር። አንድ ሌሊት ሰማዩ ጠራ፣ ውርጭ ጣለ። ጠዋት ቅጠሉ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተዘርሯል። እናቴ ምንም አላለችም። ማጭዷን አመጣችና ለበሬዎቹ አጨደችው።»

ስንት ቃል ነው? ሃምሳም አይሞላ። እዚህ ውስጥ «አሳዛኝ» የሚል ቃል የለም፣ ማጭዷ ትበቃለች። «ተጋላጭ የማኅበረሰብ ክፍሎች»፣ «የመቋቋም አቅም»፣ «ዘላቂ» የሚሉትን ለስብሰባ ተዉላቸው። እናታችሁ የማትጠቀምበትን ቃል በእናታችሁ ታሪክ ውስጥ አትጻፉ፣ ይሄ አንድ ሕግ ብቻ ብትይዙ ግማሹ መንገድ አለቀ። ሲናገሩም ያሉትን አትጠጋግኑ። «በልጉ ከዳን» ካሉ «ከዳን» ነው። «የበልግ ዝናብ እጥረት» አትበሉት።

መጻፍ ከከበዳችሁ በድምፅ ቅዱት። ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰማው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሰው ያሳልፈዋል። ውጭ ከሆናችሁ ነፋሱን በጀርባችሁ አድርጉና ስልኩን ጋቢ ውስጥ ሸሸግ አድርጉት። የደብረ ብርሃን ነፋስ እንኳን ድምፅ ሰውም ይወስዳል።

ታሪኩን በእንባ ብቻ አትሙሉት። ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ምን አደረጋችሁ? እነዋሪ ድሮውኑ ሴቱም ልጁም በእጁ አፈር እየቆለለ መደብ እየሠራ ውኃውን ያጠነፍፋል። መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል የሣር መሬት አለ። የጓሳን ሣር አባቶች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምረው በሥርዓት እየከለሉና እየከፈቱ እንዳቆዩት ይነገራል፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ዝናብ ለሚከለክለው ገሳ፣ በክፉ ጊዜም ለከብት። ዛሬ ሰው የሚያውቀው በቀይ ቀበሮና በጭላዳ ነው፣ ለመንዜ ግን የክፉ ቀን ጎተራ ነው። እናንተም ቤት እንዲህ ዓይነት ነገር ይኖራል። ቶሎ የሚደርስ ዘር ቀይራችኋል? ከበልጉ ገብስ ወደ ድንች ዞራችኋል? ያልሠራላችሁንም ጻፉ፣ ሌላው እንዳይደግመው።

የመጨረሻው ሥራ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ታሪኩን ለባለቤቱ መልሶ ማንበብ ነው። ለሌላ ሰው ከማሳየታችሁ በፊት። እኔ ለአክስቴ በስልክ አነበብኩላቸው፣ ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። የሥላሴ ጠላ፣ የተገዛው ገብስ፣ ለገብሱ ብለው የሸጧቸው ሁለት በጎች። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ሁሉም ልክ ነው፣ በጎቹ ግን ሦስት ናቸው» አሉ። ያን ጊዜ ለምን ሁለት እንዳሉኝ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ቆዩና «ሦስተኛዋ ያረገዘች ነበረች። አፌ አልደፈረም» አሉኝ።

ይጻፍ ወይስ ይቅር አልኳቸው።

«ጻፈው» አሉ። «ስሜን ግን ተወው።»